ለሆም ቲያትር ስፒከሮች ተጨማሪ አምፕሊፋየር ማገናኘት፦ በከተማው ዳር ለሚገኙ ቤቶች

ለገጣፎ አካባቢ የምንኖርበት ቤት ሳሎን 7 ሜትር በ5 ሜትር ያህል ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ሲሆን፣ ወደ ግቢው የሚያሳየው ግድግዳ አብዛኛው መስተዋት ነው። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልም ሲያይ እናቴ ዘወትር የምታነሣው ቅሬታ አንድ ነበር፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው ቤቱን ሲሞላ የተዋንያኑ ንግግር ግን አይሰማትም። ድምፁን ስንጨምርላት ንግግሩ እንደመጥራት ይሻክር ነበር፤ ስንቀንሰው ደግሞ ይጠፋል። ስፒከሮቹን ለመለወጥ ከወሰንን በኋላ ነው፣ ጉድለቱ የስፒከሮቹ ሳይሆን አምስቱንም በአንድ ጊዜ ለመንዳት የተገደደው አምፕሊፋየር መሆኑን የተረዳሁት። ለፊተኞቹ ሦስት ስፒከሮች ራሱን የቻለ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ስናገናኝ ንግግሩ ጠራ፤ ያውም ቮልዩሙን ከቀድሞው ዝቅ አድርገን።

ይህን ሥራ በራሱ እጅ ማከናወን ለሚፈልግ ሰው ልምዴን በዝርዝር አቀርባለሁ። ገመዱን መሰካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በፊት የሚደረገው ማጣራትና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሲሆን፣ በከተማው ዳር ለምንኖር ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመራችን ጠባይ ይጨመርበታል።

በአገራችን ሪሲቨር ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው የዲሽ ሪሲቨርን ስለሆነ አስቀድሞ ስያሜዎቹን መለየት ይገባል። ከዚህ በታች ኤቪ ሪሲቨር የምለው፣ የፊልሙን ድምፅ ከቴሌቪዥን ወይም ከማጫወቻ በኤችዲኤምአይ ገመድ ተቀብሎ ለግራ፣ ለቀኝ፣ ለመሃልና ለኋላ ስፒከሮች ከከፋፈለ በኋላ በውስጡ ባለው አምፕሊፋየር አጉልቶ የሚያወጣውን መሣሪያ ነው። ተጨማሪ አምፕሊፋየር ደግሞ የመቀበሉንና የመከፋፈሉን ሥራ ለኤቪ ሪሲቨሩ ትቶ ማጉላቱን ብቻ የሚሠራ ነው። በተለምዶ ቤዝ የምንለውን የወፍራም ድምፅ ሣጥን ሰብዉፈር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ክፍል ትዊተር እላለሁ።

ስለ ዋት ማወቅ የሚገባዎ

ዋቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ጆሮ የሚለየው ቢሆንም መጠነኛ ልዩነት ነው። አንድ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ያህል እንዲጎላ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚህም ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት በእርግጥ ለእያንዳንዱ ስፒከር 80 ዋት የሚሰጥ ኤቪ ሪሲቨር ያለው ሰው 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ቢጨምር የሚያተርፈው 1 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል።

ታዲያ ጥቅሙ ከየት ይመጣል? በኤቪ ሪሲቨር ሣጥን ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሁለት ስፒከር ብቻ ሲነዳ ነው። አምስቱም ስፒከሮች በአንድ ላይ ኃይል ሲጠይቁ ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ትራንስፎርመር ስለሆነ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። የፊልም ድምፅ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ንግግር በአንድ ደረጃ የሚሄድ አይደለም። ሰዎች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ 1 ዋት እንኳ የማይፈጀው ድምፅ፣ በር ሲበረገድ ወይም መኪና ሲጋጭ በቅጽበት በ20 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል፤ 20 ዴሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ዋት ነው። አምፕሊፋየሩ ይህን መስጠት ሲያቅተው የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ የምንሰማው መሻከርና መሰነጣጠቅ ይኸው ነው። ጫፉ ክፉኛ የተቆረጠ ሞገድ ጥራት ካለው ሞገድ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ወደ ስፒከሩ ሊልክ ይችላል፤ በውስጡም ብዙ ቀጭን ድምፅ ስለሚፈጠር መጀመሪያ የምትቃጠለው ትዊተሯ ናት። ስፒከር የሚቃጠለው ከዐቅሙ በላይ ከሆነ አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው የሚለው ግምት ስለዚህ ጎደሎ ነው፤ አነስተኛ አምፕሊፋየር እስከ ጫፉ ሲጨመርም ያቃጥላል።

ስሌቱን በራስዎ ሳሎን መሞከር ይችላሉ። ስፒከርዎ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ይሰጣል እንበል፤ ይህ ቁጥር በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በገላጣ ቦታ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ 4 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚደርሰው 75 ዴሲቤል ነው፤ በቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ቅነሳው ከዚህ ጥቂት ያነሰ ይሆናል። 100 ዋት ሲሰጠው 20 ዴሲቤል ጨምሮ 95 ይደርሳል። ለፊልም ትልልቅ ድምፆች ይህ መጠን ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው። ስለዚህ 500 ዋት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ ከሦስቱ የፊት ስፒከሮች ለእያንዳንዱ እውነተኛ 100 ወይም 150 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

እውነተኛ ያልሁት በምክንያት ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር በአንድ ካርቶን በሚሸጡ ሆም ቲያትሮች ላይ 1000 ዋት የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ዕቃውን አዙረው ከኋላው የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲያነቡ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዋት ብዙም የማይርቅ ቁጥር ያገኛሉ። ከግድግዳው 100 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ሳያቋርጥ 1000 ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ማንበብ ያለብዎ ይህንን የኋላ ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ንግግርን በማስተጋባት ያደበዝዛሉ። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መስተዋቱ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ መስቀልና የመሃሉን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ አውጥቶ ወደ ተመልካቹ ጆሮ ማቅናት ያለ አንዳች አምፕሊፋየር ብዙ ያሻሽላል። እኛ ቤት ምንጣፉ ብቻውን ችግሩን ባይፈታም ግማሽ መንገድ ወስዶናል ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

መሣሪያዎ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ይቀበላል?

ኤቪ ሪሲቨሩን አዙረው ከኋላው ፕሪ አውት የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ክብ የአርሲኤ መሰኪያዎች ይፈልጉ። እነዚህ መሰኪያዎች የተከፋፈለውን፣ ገና ያልጎላውን ድምፅ የሚያወጡ ናቸው። በየመሰኪያው ላይ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መሃል እያለ ከተጻፈ መሣሪያዎ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ርካሽ በሆኑ ኤቪ ሪሲቨሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሰብዉፈር ፕሪ አውት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር እዚያ ላይ ሰክተው በቅንብሩ ውስጥ የፊት ስፒከሮችን ስሞል (ትንሽ) ካሏቸው፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ ስለሚሄድ የኤቪ ሪሲቨሩ ሸክም ይቀልለታል።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሆም ቲያትር ግን ፕሪ አውት የለውም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ባለሙያዎች የስፒከር መውጫውን በመቀየሪያ ዝቅ አድርገው ወደ አምፕሊፋየር ያስገቡታል። እኔ ይህን መንገድ አልመክርም። አንደኛ፣ የተቆረጠው ሞገድ ከመጎላቱ በፊት ስለተቆረጠ ትልቁ አምፕሊፋየር የሚያጎላው ያንኑ ሻካራ ድምፅ ነው። ሁለተኛ፣ የብዙዎቹ የስፒከር መውጫ ኔጌቲቭ ጫፍ ከሣጥኑ መሬት ጋር የተያያዘ ስላልሆነ፣ ትራንስፎርመር የሌለው ርካሽ መቀየሪያ ከዚያ ጋር ሲገናኝ የውስጥ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ሦስተኛ፣ አብረውት የሚመጡት ትንንሽ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስለሆኑና ዐቅማቸውም ውሱን ስለሆነ ተጨማሪ ኃይል አይጠቅማቸውም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ ፕሪ አውት ያለው ያገለገለ ኤቪ ሪሲቨር ቢፈልግ ገንዘቡ ቦታውን ያገኛል።

አምፕሊፋየሩን መምረጥ

መጀመሪያ የሚመሳከረው ኦሙ ነው። ከስፒከርዎ ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ የአምፕሊፋየሩ ዝቅተኛ ኦም ከዚህ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ጽሑፉ ከጠፋ በቴስተር ይለኩት፤ ቴስተሩ የሚያሳየው ከተጻፈው ዝቅ ያለ ስለሆነ 6 ገደማ ካሳየ ስፒከሩ 8 ኦም፣ 3 ከምናምን ካሳየ 4 ኦም ነው። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት የ4 ኦም ከታሰሩ 2 ኦም ሆነው አብዛኛውን የቤት አምፕሊፋየር ያግሉታል።

ለሠርግና ለስብሰባ ከሞንታርቦ ጋር የሚሠሩት አምፕሊፋየሮች በዋታቸው ስለሚማርኩ ብዙ ሰው ወደ እነርሱ ያዘነብላል። ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። ማራገቢያቸው ያለማቋረጥ ስለሚጮኽ በጸጥታው ትዕይንት ላይ ይረብሻል፤ መግቢያቸውም ብዙውን ጊዜ ኤክስኤልአር የሚባለው ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ነው። ከአርሲኤ ወደ ኤክስኤልአር የሚሄደው ገመድ የመሃል ሽቦው ከ2ኛው እግር፣ ዙሪያውን የሸፈነው የሽቦ መረብ ደግሞ ከ1ኛውና ከ3ኛው እግር ጋር መበየድ አለበት፤ 3ኛው እግር ያለ ሥራ ከተተወ በአንዳንድ አምፕሊፋየር ላይ ድምፁ ይሳሳል ወይም ጉርምርምታ ይገባበታል።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አምፕሊፋየር ከሆነ ከጀርባው ያለውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩት። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ መሰካት ማለት ማቃጠል ነው። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እርሱም ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ ቢያንስ አንድ እጥፍ ተኩል ዐቅም ያለው ይሁን። ይህ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ ከለመደው በላይ ስለሚግል የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በእጅዎ እየዳሰሱ ይከታተሉት።

መርካቶ ሄደው ያገለገለ አምፕሊፋየር ሲገዙ ሻጩ ሙዚቃ አስደምጦ ስላሳየዎ ብቻ አይርኩ። ስፒከሩን ያስነቅሉና፣ መሣሪያው በርቶ ምንም ድምፅ ሳይገባበት፣ ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርገው የእያንዳንዱን መውጫ ቀይና ጥቁር ጫፍ ይለኩ። ጤነኛ አምፕሊፋየር የሚያሳየው ጥቂት ሚሊ ቮልት ሲሆን እስከ 50 ሚሊ ቮልት ድረስ አያሰጋም። ሙሉ ቮልቶች ካሳየ ግን ውስጡ የተበላሸ ነው፤ ያ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ አግሎ ያቃጥለዋል።

የመብራቱ ነገር

ይህን ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በጥሞና እንዲያነቡት እለምናለሁ፤ በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ በገላንም ሆነ በሱሉልታ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ርቀው የተሠሩ ቤቶች የሚጎዱት በዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ሳምንት ያህል በልዩ ልዩ ሰዓት የሶኬቱን ቮልት በቴስተር እየለኩ ይመዝግቡ፤ በተለይ ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ በሚያበስልበት በምሽቱ ሰዓት። ትራንስፎርመር ያለው መደበኛ አምፕሊፋየር ቮልቱ ሲወርድ የሚያጣው ዋት ከቮልቱ ቅነሳ የበለጠ ነው፤ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ከፍተኛው ዋት በሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቀን ላይ የጠራው ድምፅ ማታ የሚሻክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰፊ የቮልት ክልል የሚቀበል የኃይል ምንጭ ያላቸው ዘመናዊዎቹ አምፕሊፋየሮች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ ከጀርባቸው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይገኝባቸዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ አምፕሊፋየሩ ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ መሆን የለበትም። ከብሬከር ሣጥኑ ለሳሎን ብቻ የሚሄድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ካለ ከዚያ ይሰኩት፤ ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ያስዘርጉ። አምፕሊፋየሩ፣ ኤቪ ሪሲቨሩ፣ ቴሌቪዥኑና የዲሽ ሪሲቨሩ ሁሉም ከአንድ ስታቢላይዘር ላይ ይሰኩ። የስታቢላይዘሩ ዐቅም ከሁሉም ፍጆታ ድምር ቢያንስ አንድ እጥፍ ተኩል ቢሆን ይመከራል፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚስብ ጠባብ ስታቢላይዘር ወይም ደካማ ብሬከር ይዘላል። ከሁሉም በላይ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያቀብል ዓይነት ይምረጡ። መብራት በተመለሰበት ቅጽበት ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ የመሬት መስመር አለው ማለት አይደለም። በከተማው ዳር በተሠሩ ብዙ ቤቶች ሦስተኛው መገናኛ ሶኬቱ ላይ ቢኖርም ከኋላው ሽቦ አይታሰርለትም፤ ቢታሰርም መሬት የተቀበረ ዘንግ የለውም። የአምፕሊፋየሩን ብረት ሲነኩ የሚነዝር ስሜት ካለ ምልክቱ ይህ ሊሆን ይችላልና ኤሌክትሪሺያን ዘንግ እንዲቀብርና እንዲለካ ያድርጉ። አንድ ባለሙያ ቤታችን መጥቶ ጉርምርምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የመሬት መገናኛ በናስትሮ ሸፍኖት ሄዶ ነበር። ጉርምርምታው ጠፋ፤ በማግስቱ ግን የእህቴ ልጅ የአምፕሊፋየሩን ሣጥን ነክቶ ነዘረው። ልጁ ደህና ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ናስትሮውን አንሥቼ መፍትሔውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ስለ ሙቀትም ልጨምር። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየራችን በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ ዐቅሙ አነስተኛ ነው። መመሪያው ከአምፕሊፋየሩ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተው ቢል እርስዎ 15 ወይም 20 ይተዉ፤ ኤቪ ሪሲቨሩንም በላዩ አይደርቡበት። ኮረኮንች መንገድ አጠገብ ያለ ቤት ከሆነ በበጋ አቧራው የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ መሣሪያው ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

ማገናኘቱ

ሁሉም መሣሪያ ከሶኬት ተነቅሎ ይጀመር። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የአርሲኤ ጃክ ሲሰካ መጀመሪያ የሚነካው የመሃሉ ድምፅ ተሸካሚ ሽቦ ሲሆን መሬቱ የሚያያዘው ቀጥሎ ነው፤ አምፕሊፋየሩ በርቶ ሳለ ጃክ ከተሰካ ወይም ከተነቀለ በዚያች ቅጽበት ከባድ ጩኸት በሙሉ ዐቅም ይወጣል። የመሃሉን ስፒከር የመጀመሪያ ትዊተር ያጣሁት በዚህ መንገድ ነው።

የፊት ሦስቱን ስፒከሮች ገመድ ከኤቪ ሪሲቨሩ ጀርባ ይንቀሉ፤ የኋላዎቹ ባሉበት ይቆዩ። የተነቀሉት መውጫዎች ባዶ ሆነው ይቀራሉ። አንድ ስፒከር በምንም ምክንያት ከኤቪ ሪሲቨሩም ከአምፕሊፋየሩም በአንድ ጊዜ መታሰር የለበትም፤ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች እርስ በርሳቸው ይቃጠላሉ።

ከፕሪ አውት ወደ አምፕሊፋየሩ ሦስት የአርሲኤ ገመዶች ይዘርጉ፤ ከ2 ሜትር ባይበልጡ ይመረጣል፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ጎን ለጎን አይሂዱ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይሻገሩ። ኤቪ ሪሲቨሩ 12 ቮልት ትሪገር የሚባል መውጫ ካለውና አምፕሊፋየሩም የሚቀበል ከሆነ በትንሽ ጃክ ያገናኟቸው፤ ያን ጊዜ በሪሞት ኤቪ ሪሲቨሩን ሲያበሩ አምፕሊፋየሩ ተከትሎ ይበራል።

ለስፒከር ገመዱ የመዳብ ሽቦ ይምረጡ። በሜትር ከሚሸጠው ቀይና ጥቁር ገመድ ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሆነ አንዱን ክር በምላጭ ፍቀው ይዩት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይመልሱት። ውፍረቱን በሚመለከት፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ደርሶ መልስ 0.14 ኦም ያህል ሲቋቋም፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ወደ 0.46 ኦም ይጠጋል፤ ለ4 ኦም ስፒከር ይህ ከዐሥር አንድ እጅ በላይ ነው። ጫፉን ሲልጡ ክሮቹ እንዳይበጠሱ ይጠንቀቁ፤ አጥብቀው ይግመዱትና አንዲት ክር እንኳ ወደ ጎረቤት መሰኪያ እንዳትነካ ይመልከቱ። በገመዱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ባናና ጃክ የሚባል መሰኪያ ካገኙ ይህ ሥጋት ይቀንሳል።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መግጠሙ ለሦስቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ከተገለበጠ የዚያ ስፒከር ድምፅ ከሌሎቹ ጋር እየተጣፋ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ገመዱ ምልክት ከሌለው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ጫፍ ጋር ለቅጽበት ብቻ ያነካኩ፤ የትልቁ ስፒከር ሽፋን ወደ ውጭ ከገፋ ፖዘቲቩን የነካው ጫፍ ከስፒከሩ ቀይ መሰኪያ ጋር የተያያዘው ነው።

ሲጨርሱ መጀመሪያ ኤቪ ሪሲቨሩን፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ አምፕሊፋየሩን ያብሩ፤ ሲያጠፉ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የመጀመሪያውን ሙከራ ቢበላሽ በማይቆጭ አሮጌ ስፒከር ማድረግ ብልህነት ነው።

ልኬቱ

አምፕሊፋየሩ የጌይን ማስተካከያ ካለው ከዝቅተኛው ይጀምሩ። ይህ ማስተካከያ ቮልዩም አይደለም፤ ምን ያህል ቮልት ሲገባ አምፕሊፋየሩ ሙሉ ዐቅሙ ላይ እንደሚደርስ የሚወስን ነው። እስከ ጫፍ ከከፈቱት የኤቪ ሪሲቨሩ ሽርርታ አብሮ ይጎላል፤ ቮልዩሙም ገና ሳይነካ ይጮኻል። የሚያውቁትን፣ ንግግር የበዛበትን ትዕይንት ከፍተው ቮልዩሙን ዘወትር በሚሰሙበት ደረጃ ላይ ያድርጉና፣ የፊት ስፒከሮቹ ከኋላዎቹ ጋር እስኪመጣጠኑ ድረስ ጌይኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሦስቱም ቁልፎች በአንድ ደረጃ ላይ ይሁኑ።

ቀጥሎ የኤቪ ሪሲቨሩን የራስ ሰር ልኬት እንደገና ያስኪዱ። በዴኖንና በማራንዝ ላይ ኦዲሲ፣ በያማሃ ላይ ዋይፓኦ፣ በፓዮኒር ላይ ኤምሲኤሲሲ የሚባለው ይህ ልኬት በትንሽ ማይክሮፎን የየስፒከሩን ርቀትና መጠን ይለካል። የድሮው ልኬት በአዲሱ አምፕሊፋየር ላይ አይሠራም። ማይክሮፎኑን በእጅ አይያዙት፤ ሶፋው ላይ ከሚቀመጥ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ በማቆሚያ ያኑሩት፤ ውሻ እንዳይጮኽ፣ ጄኔሬተር እንዳይሠራ ጸጥ ያለ ሰዓት ይምረጡ። ሲያበቃ የተገኙትን ቁጥሮች ይክፈቱ። ኤቪ ሪሲቨሩ የፊት ስፒከሮችን ሊቀንስ እስከሚችልበት መጨረሻ፣ ለምሳሌ እስከ 12 ዴሲቤል ድረስ፣ ቀንሷቸው ከተገኘ ጌይኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርገው ይድገሙት።

ንግግሩ አሁንም ከሙዚቃው ኋላ የቀረ ከመሰለዎ የመሃሉን ስፒከር ብቻ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነውር የለውም። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነው። እኛ ቤት 2 ዴሲቤል በቅቶናል።

ጉርምርምታ ካለ

ሁሉም ተገናኝቶ ምንም ሳይጫወት እምም የሚል ወፍራም ድምፅ ቢሰሙ መንስኤውን አንድ በአንድ ይለዩ። ሁሉን አጥፍተው ይንቀሉ፤ የዲሹን ገመድ ከዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ያውጡ፤ ከዚያ መልሰው ያብሩ። ድምፁ ከጠፋ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ በብረት ምሰሶው በኩል መሬት ስለሚነካ፣ የቤቱ መሬትና የዲሹ መሬት በገመዶቹ በኩል ቀለበት ሠርተዋል ማለት ነው። ለተራ አንቴና የሚሸጠው ማግለያ እዚህ ላይ አይረዳም፤ የዲሽ ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ዲሹ ራስ ስለሚልክ ማግለያው ያንን ይዘጋዋል። እኛ የፈታነው በሌላ መንገድ ነው፤ የዲሽ ሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ብቻ አስገባንና ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ኤቪ ሪሲቨሩ በኦፕቲካል ገመድ ወሰድነው። ኦፕቲካል ገመድ የሚያስተላልፈው ብርሃን ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው የብረት ግንኙነት ተቋርጦ ቀለበቱ ይፈርሳል፤ ለዚህ ግን በቴሌቪዥኑና በኤቪ ሪሲቨሩ መካከል ሌላ የኤችዲኤምአይ ገመድ መኖር የለበትም።

የዲሹ ገመድ ወጥቶም ጉርምርምታው ካልጠፋ፣ መሣሪያዎቹን አጥፍተው የአርሲኤ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና አምፕሊፋየሩን ብቻውን ያብሩ። ያኔም የሚሰማ ከሆነ ችግሩ በራሱ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ያረጁ የኃይል ካፓሲተሮቹ ላይ ነው፤ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ካልተሰማ ግን በፕሪ አውቱና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ይፈታዋል።

ክረምት ሲገባ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ የስታቢላይዘሩን ስፒና ከሶኬቱ፣ የዲሹንም ገመድ ከዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ይንቀሉ። መብረቅ ከሁለቱም በኩል ስለሚገባ አንዱን ብቻ መንቀል ሌላውን በር ክፍት መተው ነው።